የማዕዘኑ ባንክ በጣም አምሯል

ለከተማ ግንባታ የኮምፒውተር ጨዋታው «ሲቲስ፦ ስካይላይንስ» የተሠራውን የባንክ ቅርንጫፍ ሕንፃ ወድጄዋለሁ። በተለይ የመንገድ ማዕዘን ላይ እንዲቀመጥ መታሰቡ! በጨዋታው አንዱ የመሬት ካሬ ጎኑ 8 ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ለመኖሪያ፣ ለንግድ ወዘተ በመደበው ቦታ (ዞን) ላይ በራሱ የሚያድግ ሕንፃ ደግሞ ከ4 በ4 ካሬ አያልፍም። በዚያች ጠባብ ቦታ መግቢያውን፣ ኤቲኤሙንና የመኪና ማቆሚያውን አስማምቶ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። የንግድ ዞን ውስጥ መግባቱም ልክ ነው፤ ቅርንጫፍ ደንበኛ የሚመላለስበት ቤት ነው።

አንድ ነገር ግን ሠሪውን ልለምን። ከሩቅ ሲታይ የሚተካው ቀለል ያለ ሞዴል ቀለሙ ከዋናው ይለያል። ካሜራው ራቅ ሲል ሕንፃው ድንገት ይጠቁራል። እሱ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። የማታ መብራቱም በምልክቱና በኤቲኤሙ ላይ ብቻ ቢቀር ይሻላል፤ ባንክ ከተዘጋ በኋላ መስኮቱ ሁሉ ሲበራ አያሳምንም።