ምን አላት፣ ሜዳ ናት!

ልጅ ላለው ሰው መንገድ መምከር የሚወዱ ሰዎች በዝተዋል። በብዛት ልጅ የሌላቸው ናቸው። ስልክ ስትከፍቱ «ከሕፃናት ጋር የሚኬድባቸው ቀላል መንገዶች» የሚል ነገር ይመጣል። ከሥሩ ያለው ፎቶ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ያሳያል። ሕፃኑ የት አለ? የሚገፋበት የሕፃን ጋሪውስ? ምናልባት ገደሉ ውስጥ።

በስልክ የሚመጣውን እንኳ ዘግቼ አልፈዋለሁ። ሻይ እየጠጣ ፊት ለፊቴ የሚመክረኝን ግን እንዴት ልዝጋው? አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ወንደላጤ ነው። ሰሞኑን፣ እኔ ሳልጠይቀው ማለት ይቻላል፣ ልጆቼን የት ወስጄ በእግር ማንሸራሸር እንዳለብኝ ያስረዳኝ ጀመር።

«አንኮበር ውሰዳቸው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ። ምን አላት፣ ሜዳ ናት!»

ልብ በሉልኝ። ኮረብታም ናት፣ ሜዳም ናት። በአንድ ትንፋሽ።

«ዳገት የለውም?» አልኩት።

«ዳገት እንኳ አትበለው። ከፍ ያለች ነገር ናት። እናቴ ትወጣው የለ?»

እናቱን አውቃቸዋለሁ። ስልሳ አልፏቸዋል። ማገዶ ተሸክመው ገበያ ደርሰው ሲመለሱ እኔ ገና የጫማዬን ክር አስራለሁ። እሳቸው ወጡት ማለት ስለ ዳገቱ ምንም አይነግረኝም።

እኛ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ትልቋ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ጥቂት ትሄድና መንገዱ መሐል ቁጭ ብላ «እሽኮኮ» ትላለች። ትንሹ ገና በጋሪ ነው። ጋሪውን እህቴ ከውጭ ነው የላከችልን፤ ጎማዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ የሠራው ሰው ኮብልስቶን የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አልሰማም። የምፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጎማ የሚሽከረከርበት፣ ሲኖትራክ የማይመጣበት፣ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ። ይኸው ነው።

«አፍ ዳገት አይፈራም» ይባላል። ከተረቶች ሁሉ ይቺን አብዝቼ እወዳለሁ። ሌላው ተረት አንድን ነገር ለማስረዳት እንስሳ ይሰበስባል፤ ጅብ አለ፣ አህያ አለ፣ ቀበሮ አለ። ይቺ ግን አንድ አፍና አንድ ዳገት ብቻ ይዛ ጨረሰች። የፈጠራት ሰው የሸዋ ሰው መሆን አለበት። ማስረጃ የለኝም፤ ግን ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ያየ ሰው አይከራከረኝም። ጣልያን እንኳ ያን ሁሉ መሣሪያና መሐንዲስ ይዞ መጥቶ፣ ጣርማ በር ሲደርስ ተራራውን ከመውጣት መብሳት ቀለለው። ዋሻው ዛሬም መኪና ያሳልፋል። ያኔ ጣልያን የኔን ባልደረባ አማክሮ ቢሆን ኖሮ ዋሻ የሚባል ነገር አይሠራም ነበር። «ምን አላት!» ይለው ነበራ።

አንኮበርንማ ተዉት። በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ሀሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ የመንግሥቱን ስጦታ ይዞ መጥቶ ነበር። ከታጁራ ወደብ ጀምሮ ያን ሁሉ በረሃ ሣጥኑን የተሸከመለት ግመል ነው። የሸዋ ዳገት ሥር ሲደርሱ ግመል በቃው። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ትከሻ ነው። እንግዲህ ግመል የሸሸው አገር ነው ዛሬ ለልጄ ጋሪ ሜዳ የተባለው።

ደግሞ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ነው የሚኬደው። ሚኒባስ ሲነሳ እኔ አንድ ያልወጣልኝ ነገር አለ። ያኔ ወደ ደብረ ሲና ነበር የምንሄደው። ጋሪውን አጥፌ እግሬ ሥር ላስገባ ስል ወያላው «ይከፈልበታል» አለ። «ሰው ነው እንዴ?» ብለው «ቦታ ይይዛል» አለኝ። እሺ፣ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩለት። ልጁን ታቅፈን፣ ጋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉዞ ጀመርን። ከከተማ ሳንወጣ አንድ ተሳፋሪ እጁን አነሳ። ወያላው ጋሪውን ብድግ አድርጎ ጣራ ላይ ጫነውና ሰውዬውን ቦታው ላይ አስቀመጠው። «ብሬንስ?» አልኩ። «የጭነት ነው» አለ። ወገኖቼ፣ በአንዲት ወንበር ሁለት ሒሳብ! ያውም ከኋላችን ዶሮ የያዙ እናት ነበሩ፤ ዶሮዋ በነፃ ነው የሄደችው። ሹፌሩ በመስታወት እያየ ይስቅ ነበር። ጣራ ላይ በገመድ ሲታሰር የጠመመው ጎማ እስከ ዛሬ ወደ ግራ ይጎትታል። ጋሪውን የሚገፋ ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ቦይ ይሄዳል። ቦዩ ደግሞ ክዳን የለውም! ከተሞቻችን ውስጥ የእግረኛ መንገድ ተብሎ የተሠራውን እዩት። ግማሹ ላይ አሸዋ ተቆልሏል፤ ግማሹ ላይ ድንች ይቸረቸራል፤ የተረፈው ቦይ ነው። ሕፃን ይዞ የሚገፋ ሰው አስፋልት ወርዶ ከመኪና ጋር ይጋፋል። ይሄ አያስቅም። ልጅ ያለው ሰው ግብር አይከፍልም እንዴ?

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መንገድ።

የገጠሩን ሰው አልወቅሰውም። እሱ ርቀትን የሚያሳንስበት ምክንያት አለው። ባላገር አባት «ሩቅ ነው» ካሉህ እንግዳን ከደጅ የመለሱ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አገጫቸውን ቀና አድርገው በከንፈራቸው ያመለክታሉ። «እዝችው ናት፤ ከዝች ጉብታ ወዲያ።» ጉብታዋን ስታልፍ ሌላ ጉብታ አለች። እዚያም ሌላ አባት ቆመዋል። እሳቸውም «ደርሰሃል እኮ ልጄ» ይሉሃል። ደግሞስ የማንን እግር ይዘው ይለኩ? አበበ ቢቂላ የተወለደው ከዚሁ ከሸዋ፣ ጃቶ ከምትባል መንደር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ጨርሶ ወርቅ ወሰደ። ከዚህ ሰው አገር መጥታችሁ «ሩቅ ነው ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

በቀደም ዕለት ከከተማው ወጣ ብለን በጠጠር መንገድ ስንሄድ አንዲት እናት አገኘን። ቢጫ ጄሪካን በገመድ አዝለዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ልጁን አይተው «ይደግልህ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ጋሪው ላይ ነው። ዞር ዞር ብለው አዩት። ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ስንት ገዛችኋት?»

«ከውጭ ተልኮልን ነው፣ እናቴ።»

«ሃያ ሊትር ትችላለች?»

ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጁ ስንት ኪሎ ነው?» አሉ። አሥራ ሁለት ገደማ አልኩ። ለአፍታ አሰቡና «ቀስ ብለው ከገፏት ትችላለች» አሉ። ምን ይባላል? ባለቤቴ ልጁን በነጠላ አዘለችው፤ ጄሪካኑ ጋሪው ላይ ተቀመጠ፤ ቀበቶውንም አሰርንለት። ትልቋ ልጄ «ፀሐይ እንዳይመታው» ብላ ጥላውን ዘረጋችለት። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው የእረኛ ልጆች ከኋላ መግፋት ጀመሩ። በዚያ ጋሪ ያን ያህል ክብር ያገኘ መንገደኛ ያ ጄሪካን ብቻ ነው።

«ቤትዎ ሩቅ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ እዝችው ናት!»

አልነበረችም። ጋሪው እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ሲጮህ፣ ጠማማው ጎማ ወደ ገብሱ ማሳ ሲጎትተኝ፣ ላቤ ጠብ ሲል እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊቴ ይሄዳሉ። ይህንኑ መንገድ በየቀኑ ጄሪካን አዝለው ነው የሚመላለሱበት። ቧንቧ መቼ እንደሚገባላቸው ሲጠይቁ ምን እንደሚባሉ ታውቃላችሁ? «በቅርቡ!» ባላገሩ ቅርብ ሲል ከርኅራኄ ነው። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ቅርብ ሲል ግን ከምንድነው?

ጭላዳ ለልጆች ማሳየት ፈልጌ ስለ ጓሳም ጠይቄ አውቃለሁ። መንዝ ጓሳ ግሩም አገር ነው። ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ ሣሩ የሚታጨደው በወጉና በጊዜው ነው። ጭላዳውም ሣር ሲነጭ ይውላል እንጂ ሰው አይተናኮልም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ልጅ ይዞ ቢሄዱበት የሚያስመሰግን ነው። ጋሪ ግን? የጓሳ ሣር ጉጦ ጉጦ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ በመካከሉ እንኳን ጎማ ጫማም ያስቸግራል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ በርኖስ ያስመኛል። ይህንን ለባልደረባዬ ስነግረው «ታዲያ በርኖስ አልብሰው» አለኝ። ስለ ጎማው ምንም አላለም።

አማቴ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነው የሚቃወሙት። «ልጅ እንደ ዕቃ በጋሪ?» ይላሉ። እሳቸው ሁሉንም ልጆቻቸውን በአንቀልባ አዝለው ነው ያሳደጉት፤ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ለአንቀልባ ለውጥ የለውም። ልክ ናቸው። ግን ልክ መሆናቸውን እኔ ባዶ ጋሪ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከኋላቸው ስወጣ ባይደጋግሙት ጥሩ ነበር።

ለማንኛውም ወደ ጉዳዩ ልመለስ፤ ልጁ ሊነቃ ነው። ሰው «ሜዳ ነው» ሲላችሁ «ቅርብ ነው?» ብላችሁ አትቀጥሉ። «ባጃጅ ይገባል?» በሉ። ባጃጅ የሚገባበት የሕፃን ጋሪ ይገባል። «ባጃጅስ አይገባም፣ ፈረስ ግን ይሄዳል» ካሏችሁ ልጁን እዘሉ። ክረምትን እርሱት፤ እዚህ ያለው ጥቁር አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ ጋሪውን በእጥፍ ያከብደዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ ፀሐይ ሳይወጣ አትውጡ፤ አለበለዚያ መንገደኛው ሁሉ «ኧረ ልጁን በብርድ!» እያለ ያስቆማችኋል። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ጭቃው ይደርቃል፣ አደይም ሳያልቅ ትደርሳላችሁ። ከከተማው ዳር ወደ ገብስ ማሳዎቹ የሚወጡት ሰፋፊ የጠጠር መንገዶች ይበቃሉ። ኮረብታ አያስፈልግም፤ የአራት ዓመት ልጅ እንደሆነች አንዲት ፍየል ካየች ቀኑ ሞላላት።

ባጃጅ ይገባል ወይ የሚለውን ግን ባለባጃጁን ራሱን እንዳትጠይቁ። ከጠየቃችሁም ሒሳቡን ከደረሳችሁ በኋላ ክፈሉ።