እርማት፦ የኤክስ220 ኪቦርድ «ሰክቶ መጠቀም ብቻ» አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ ቲንክፓድ ላፕቶፖች «የቲንክፓድ ኤክስ220 ኪቦርድ ኤክስ230 ላይ ያለምንም ለውጥ ይሠራል፤ ነቅለህ መሰካት ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ነው። ሶኬቱ መግጠሙ እውነት ነው፤ ሰዉን የሚያሳስተውም ይኸው ይመስለኛል።

የ2012ቱ ኤክስ230 ለኪቦርድ መብራት ኃይል የሚያስተላልፉ ፒኖች (ሶኬቱ ላይ ያሉ ትንንሽ የብረት መገናኛዎች) አሉት። የ2011ዱ ኤክስ220 ኪቦርድ መብራት የለውም። ፒኖቹን በቀጭን ቴፕ ሳትሸፍን ከሰካኸው ሾርት ሊያደርግና ማዘርቦርዱን ሊጎዳብህ ይችላል። ለአንድ ኪቦርድ ሲባል ደህና ላፕቶፕ ሲበላሽ በጣም ያሳዝናል።

የኪቦርዱን ፍሬም ጠርዝም ትንሽ መሞረድ ያስፈልጋል፤ ይሄ ቀላሉ ነው።

ፊደላቱ ወዲያው ይሠራሉ። ከኤፍኤን (Fn) ቁልፍ ጋር የሚጫኑትና አንዳንድ ሌሎች ቁልፎች ግን ሌላ ነገር ያዛሉ። ለማስተካከል ኪቦርዱን የሚቆጣጠረውን ቺፕ ፈርምዌር (በቺፑ ውስጥ የተጫነውን ፕሮግራም) መቀየር ግድ ነው። አዲሶቹ ባዮሶች (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም አዳዲስ እትሞች) ይህን ለውጥ አይቀበሉም፤ ስለዚህ እባክህ ባዮሱን ከማደስህ በፊት አስብበት። ላፕቶፑን ስትፈታው ደግሞ ቻርጀሩንም ባትሪውንም አስቀድመህ ንቀል።