የእሑድ ጀግና ይኑርልን

ባሕር ዳር ውስጥ የሚወደስ ነገር ሞልቷል። ዘንባባው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ዓሣው አለ። ዛሬ ግን ማወደስ የፈለግኩት አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ሰኞ ስፖርት አይሠራም። ማክሰኞም አይሠራም። እስከ ቅዳሜ ማታ ከወንበር ወደ ወንበር ሲዘዋወር ይሰነብትና እሑድ ጠዋት ታና ዳር ብቅ ይላል። የሳምንቱን ዕዳ በአንድ ሰዓት ከነወለዱ ይከፍላል። የእሑድ ጀግና እለዋለሁ። ሐውልት ቢቆምለት ያንሰዋል።

አመጣጡን ልንገራችሁ። ከቤቱ እስከ ሐይቁ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። የሚሄደው ለመሮጥ ስለሆነ ግን ባጃጅ ይይዛል። ጉልበት መቆጠብ አለበታ! መንገድ ላይ ሳይክለኛው ሁሉ እየቀደመው ያልፋል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ፣ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ፣ ከኋላው ጓደኛውን የጫነ ተማሪ። ጀግናችን አንጀቱ ይንሰፈሰፍላቸዋል። ምስኪኖች፣ ስፖርት እየሠሩ እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ቱታም አልለበሱ።

ሐይቁ ጋ ሲደርስ ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ጥቂት ይራመዳል። ትከሻውን ያሽከረክራል፣ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ልቡና ጡንቻው ቀስ ብለው እስኪሟሟቁ አምስት አሥር ደቂቃ ያባክናል። ጀግናችን እንዲህ ያለ ቀልድ አይወድም። ሒሳቡን ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ይፈተለካል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች ያየ ሰው ለኦሎምፒክ ያጨዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየ ግን ቱሪስት ነው ይለዋል። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹን ሲያደንቅ ይቆያል። በነገራችን ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ማሳበቢያ አይጠፋም።

«ለምን ቀስ ብለህ አትጀምርም?» የሚለው ሰው ከመጣ መልሱ ዝግጁ ነው። «እኛ እኮ የአበበ ቢቂላ ልጆች ነን! ሰውዬው በባዶ እግሩ ነው የሮጠው!» እውነቱን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከዚያ በፊት በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ምን ያህል እንደለፋ ግን ጀግናችንን አትጠይቁት። ባዶ እግሩን ነው የወረስነው እንጂ ልምምዱን አልወረስንም። ደግሞም አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ጫማ አድርጎ ነው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ገብቶ ካሸነፈ በኋላስ ምን አደረገ? ስታዲየሙ ሙሉ ሕዝብ እያየው፣ ሳሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ጀግናችን ይህችን ክፍል ሲያወራ ይዘላታል። የአበበን ስም የምታጎድፍ መስላው ይሆናል።

ከጀግኖቹ ሁሉ ከፍ ያለ ማዕረግ የሚገባው ግን ባለ ላስቲኩ ነው። ሆዱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ካኔቴራ፣ በካኔቴራው ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት ደርቦ ይሮጣል። ያውም በመጋቢት። የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ለባሕር ዳር ሰው አላስተዋውቅም። ላቡ በክርኑ ሲንጠባጠብ «ቦርጬ እየቀለጠ ነው» ይላል፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። ቤቱ ገብቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ኪሎ ቀንሷል። እልል በሉ! ከዚያ አንድ ሊትር ውኃ ይጠጣል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ኪሎው ቤቱ ተመለሰ። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውኃና ጨው ነውና ስቡ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ይህን የደረሰበት ሌላ ጀግና አለ። እሱ ጭራሽ ውኃውን አይጠጣም። ራሱን እያዞረው፣ ዓይኑ ጭልም እያለበት፣ የቀነሳትን ኪሎ አንቆ ይዟታል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ለባንክም አይገኝ።

ባለ ላስቲኩ ሳሩ ላይ ተጋድሞ ሲት አፕ ሲሠራም እዩልኝ። መቶ፣ ሁለት መቶ ይቆጥራል። ሆዴን ካሠራሁት የሆዴ ስብ ይጠፋል ባይ ነው። ሰውነት ግን ስብን ከየት ላንሳ ብሎ ባለቤቱን አያማክርም። ጡንቻው ከሥር ይጠነክራል፣ ቦርጩ ከላይ ሆኖ ይታዘባል።

ጂም የሚገባውን ዘመዱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ደረትና ክንድ እንጂ እግር የሚባል አያውቅም። በገባ በመጀመሪያው ቀን ጓደኛው የሚያነሳውን ብረት ያነሳል። ጓደኛው እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀበት መጠየቅ ነውር ነው። ወገቡን አጉብጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ብረቱን ሲነቀንቅ ቪዲዮ ይቀረጻል። በማግስቱ ጸጉሩን ለማበጠር እጁ እምቢ ይለዋል።

ስለ ሕመምም የእሑድ ጀግና የራሱ ፍልስፍና አለው። «ካላመመህ አልሠራህም» ይላል። ጡንቻ አዲስ ሥራ ሲገጥመው አንድ ሁለት ቀን ቢቆረጥም ደንብ ነው፣ ይተዋል። መገጣጠሚያ ላይ ድንገት የሚወጋ ሕመም፣ እብጠት፣ ደረትን የሚጨብጥ ነገር ደግሞ አቁም፣ ሐኪም ጋ ሂድ የሚያሰኝ ነው። ጀግናችን አድልዎ አይወድም፤ ሁለቱንም እኩል ይንቃቸዋል። ያበጠ ጉልበቱን በሻሽ ጠፍሮ ይሮጣል። የከተማችን ወጌሻዎች ሰኞ ሰኞ ለምን ወረፋ እንደሚበዛባቸው አሁን ገባችሁ?

ከሩጫው በኋላ ያለው ሥነ ሥርዓት አጭር ነው። ጓደኞች ይሰባሰባሉ፣ የተጠበሰ ዓሣ ይቀርባል፣ ቢራ ይከፈታል። «ያቃጠልነውን እንተካ!» የግማሽ ሰዓት ሶምሶማ የሚያቃጥለው በግምት የሁለት ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው። ጀግናችን ሩብ ሰዓት ሮጦ አራት ይጠጣል። ለጋስ ሰው ሲተካ አሳንሶ አይተካም።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ጀግንነት የሚያበላሹብንን አንድ ሽማግሌ ልክሰስ። ጋሼን ሐይቁ ዳር ጠዋት የሚወጣ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የለመዱትን ሸራ ጫማ አድርገው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። ያውም እያወሩ! ከጎናቸው ካሉት ሰው ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ይጫወታሉ። ማውራት የሚያስችል ስፖርት ምኑ ስፖርት ነው? ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዲህ ናቸው። ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይጠይቃሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያርፋሉ። ሒሳቡን ብትሠሩት በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። አያችሁ ንፉግነታቸውን? ቢያንስ የተባለውን ብቻ ሠርተው ቤታቸው ይገባሉ! ለጡንቻውም ጀሪካን ውኃ በሁለት እጃቸው ይዘው የጓሯቸውን ማንጎ ያጠጣሉ። አንድም ቀን ፎቶ ሲነሱ አልታዩም። ወጌሻ ቤትም ደርሰው አያውቁም፤ የሰው እንጀራ ይዘጋሉ ማለት ነው።

ጀግናችን ግን ለሁሉም ያስባል። ሰኞ ቢሮው ያለው ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ ደረጃው ሥር ቆሞ «ፋይሉን ወደ ታች አውርዱልኝ» ብሎ ደወለ። እሑድ የተነሳው ፎቶ በቴሌግራም ግሩፑ እስከ ረቡዕ ልብ ሲለጠፍለት ሰነበተ። ዓርብ ላይ ለሚመጣው እሑድ የቤዛዊትን ኮረብታ ከሥር እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ በሩጫ እንደሚወጣ አስታወቀ። ግሩፑ በጭብጨባ ተቀበለው። ወጌሻው ስልካቸውን እንዳያጠፉ አደራ ተብለዋል።