ፈቃዴ ከማዘርቦርዱ ጋር ተቃጠለ

በሱቄ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ አንድ ግራጫ ጽሑፍ ከተቀመጠ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑን ያዘ። ማመልከቻ ስጽፍ አለ። የጉርድ ፎቶ ሳስተካክል የሰዉ ትከሻ ላይ አለ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንጀራ ሳቀርብ እንኳን ከመሶቡ ጥግ ያለ ይመስለኛል። ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጊ ነው የሚለው፤ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም በፈቃድ መያዝሽን አረጋግጪ ማለት ነው። ስልኬ ላይ ይህንኑ ቃል በአማርኛ «አግብር» ብለው ተርጉመውታል። ኧረ ገብሬአለሁ! የዓመቱን ግብር ሐምሌ ሳይወጣ ከፍያለሁ፤ ንግድ ፈቃዴ ታድሶ በመስታወት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ሱቅ ውስጥ እስከ ዛሬ ፈቃድ ያልጠየቀኝ ቢኖር ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጀመረ።

ለማታውቁኝ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን የምሠራ ሴት ነኝ። ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም አልርቅም፤ ከተማው ደክሞት የቆመበት ቦታ ነው። የኪራይ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕድር ደብዳቤ፣ ወላጅ ተቆጥቶ የሚያስጽፈው የልጅ የቤት ሥራ፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፋል። ሁለት ኮምፒውተሮች አሉኝ። አንዱ ለመነሣት ሩብ ሰዓት የሚፈልግ ሽማግሌ ነው። ሌላው፣ አሁን የማወራላችሁ፣ ጉሮሮዬ ነው።

መብራት አንድ ሌሊት እንደ ልማዱ ሄደ። ሲመለስ ግን እንደ ልማዱ አልተመለሰም፤ ተወርውሮ ነው የመጣው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። ስታቢላይዘር አልነበረሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረኝ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ። ውዱን ዕቃ ልጠብቅ ብዬ ጉሮሮዬን ረሳሁት። ለዚህ ማንንም አልወቅስም።

የሰፈራችን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ገና ጎረምሳ ነው፤ እጁ ግን የተባረከ ነው። ፈታትቶ አየና «ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ሄደዋል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ደኅና ናቸው» አለኝ። ማዘርቦርድ ማለት ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ፋይሎቼ ተርፈዋላ! በማግሥቱ በታክሲ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ በባቡር ወደ መርካቶ። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስል ውዬ ለፕሮሰሰሬ የሚሆን ያገለገለ ቦርድ አገኘሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ የምጽፈውን ያነባል።

ልጁ ገጠመው፤ ተነሣ። ፎልደሮቼ በቦታቸው፣ የአማርኛ መጻፊያዬ በቦታው፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው የልጄ የልደት ፎቶ ሳይቀር በቦታው። ከደስታዬ የተነሣ ቡና አፈላሁ። ቶናው ላይ ሳንደርስ ያ ግራጫ ጽሑፍ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የአዲሱ ቦርድ ትንሿ ባትሪ አልቃ ስለነበር ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቶ ነበር። ልጁ ባትሪ ሊያመጣ ወጣ ሲል እኔ ደግሞ ልርዳው ብዬ ቀኑን ሞላሁ፤ ዓመቱን 2018 ብዬ። የእኛ 2018 ነዋ! ማሽኑ በፈረንጅ እንደሚቆጥር በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሰኛል? ኢንተርኔት አልከፍት አለኝ። የምገባባቸው ገጾች ሁሉ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይሉኛል፤ አክቲቬሽኑም ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አቃተው። ግማሽ ቀን የሞባይል ዳታዬን ስራገም ዋልኩ። ልጁ ተመልሶ ሲያየው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ዓመቱን አስተካከለ፤ ኢንተርኔቱ መጣ። ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሴቲንግ ተከፈተ፤ ሲስተም፤ አክቲቬሽን። 0ኤክስሲ004ኤፍ211 የሚል የስህተት ቁጥር ተጽፏል። ሲተረጎም የመሣሪያዎ ሃርድዌር ተቀይሯል ማለት ነው። አውቃለሁ! የቀየርኩት እኔ ነኝ! ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ቦርዱን በባቡር ሰው እንዳይረግጥብኝ ደረቴ ላይ ታቅፌ ያመጣሁት እኔ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ 2015 ከወጣ ወዲህ ፈቃዱ በአብዛኛው በወረቀት ላይ የታተመ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፍ መሆኑ ቀርቶ ዲጂታል ሆኗል። ዊንዶውሱ በውስጡ ያሉትን ዕቃዎች አይቶ ለኮምፒውተሩ አንድ መለያ ያወጣለታል፤ ያ መለያ በዊንዶውስ ሠሪው በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። ራም ቢጨመር፣ ዲስክ ቢቀየር ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ሁለቱንም አድርጌ ትንፍሽ አላለም። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ግን ይህ ሌላ ኮምፒውተር ነው ብሎ ይፈርዳል። የቤቴ ካርታ በእኔ ስም ሳይሆን በበሩ ስም ወጥቶ ቆይቷል እንደ ማለት ነው። ሌባ በሩን ሰብሮት አዲስ በር ባስገባ፣ ሶፋው የእኔ፣ ድስቱ የእኔ፣ ልጆቹ የእኔ፤ ቤቱ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። በሩን ፈልጊና አምጪ!

ልጁ አልተረበሸም። «መላ አለው» አለና እዚያው ገጽ ላይ ትራብልሹት የሚለውን ተጫነ። በእርግጥም በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚል ምርጫ መጣ። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ የእኔ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው። ተጫነው። የማይክሮሶፍት አካውንትሽን አስገቢ አለ። ስልኬን ይዤ ከፈትኩ፤ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ በመልእክት የተላከ ቁጥር። ገባን። ከዚያ አካውንት ጋር የተመዘገቡ ኮምፒውተሮች ዝርዝር ይመጣል፤ የድሮውን መርጠሽ «አሁን የምጠቀመው ይህ ነው» ትያለሽ፤ በቃ፤ ፈቃዱ ይዞራል። ዝርዝሩ ባዶ ነበር።

ለምን ባዶ ሆነ? አካውንቱ ከፈቃዱ ጋር መያያዝ የነበረበት ቦርዱ ከመቃጠሉ በፊት ስለሆነ! ይህ የማያያዝ ነገር በፈረንጆቹ 2016 የመጣ ነው። (ለእነርሱ 2016 ፈቃድ ከአካውንት ጋር የተጋባበት ዓመት፤ ለእኛ 2016 ደግሞ ሐምሌ ላይ ብር ለገበያ የተለቀቀበት ዓመት። እርሷን በኋላ እመለስባታለሁ።) እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት መንገዱ አለ፤ የነገረኝ ግን የለም። ኮምፒውተሩን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ የምገባው ሻጩ በፈጠረልኝ «ዩዘር» በሚል ስም ነው። የይለፍ ቃል እንኳን አልነበረውም። ያው ዊንዶውስ ስለ አየር ሁኔታ ይነግረኛል፣ ስለማላውቃቸው የእግር ኳስ ቡድኖች ይነግረኛል፤ «እመቤቴ፣ ይህን ካላያያዝሽ ቦርዱ በተቃጠለ ቀን ታለቅሻለሽ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጠፋ።

ቀጥሎ ልጁ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ አጭር ነገር ጻፈ። ትንሽ ሳጥን መጣች፤ በውስጧ ኦኢኤም የሚል ቃል አለ። ፊቱ ተለወጠ። ሐኪም የምርመራ ውጤት አይቶ ዝም ሲል የሚመስለውን መሰለ።

ኦኢኤም ማለት ኮምፒውተሩን የሠራው ፋብሪካ አብሮ የሸጠው ዊንዶውስ ነው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ይጻፋል፤ ስለዚህ ዊንዶውሱን ደምስሰን እንደገና ብንጭነው ራሱ አንብቦ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል፤ ማንም ቁልፍ አይጠይቀንም። እስከዚህ ድረስ ሲያወሩት ያምራል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ፈቃድ ከዚያ ቦርድ ጋር ይኖራል፣ ከዚያ ቦርድ ጋር ይሞታል። ለብቻው በሱቅ የሚሸጠው፣ ሪቴይል የሚባለው ብቻ ነው በደንቡ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን የሚዘዋወረው። ቦርዱን በዋስትና የቀየረልን ፋብሪካው ራሱ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የእኔ ማሽን ነጋዴዎቹ ስላሽ የሚሉት፣ ውጭ አገልግሎ የመጣ ነው፤ የምን ዋስትና! የሸጠልኝ ሰውዬ «እህቴ፣ ኦርጅናል ዊንዶውስ አለው» ብሎ ሁለት ጊዜ ምሎልኛል። የሚገርመው አልዋሸም። ኦርጅናል ነበር። እስከ ሞት ድረስ ኦርጅናል ነበር።

አዲስ ያመጣሁት ቦርድ ከሌላ የፋብሪካ ኮምፒውተር የተነቀለ ቢሆን ኖሮ የራሱን ቁልፍ ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር ይላል ልጁ። የእኔ ባዶውን ነው የመጣው። ገበያ ላይ ቦርድ ስመርጥ ስንት ነገር ጠይቄያለሁ፤ ሶኬቱን፣ የራሙን ዓይነት፣ ተጠግኖ ያውቅ እንደሆነ። «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብዬ ቦርድ መጠየቅ እንዳለብኝ ግን አላወቅሁም።

በስልክም ይሞከራል ተባለ። በዘጠኝ ክፍል የተከፋፈለ ረጅም ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ እርሱን አስገብቶ ሌላ ረጅም ቁጥር መቀበል ነው። መስመር ላይ ሆኜ አራተኛው ክፍል ላይ ስደርስ አንድ ተማሪ «እትዬ፣ ሁለት ገጽ ፊትና ኋላ» ብሎ ገባ። እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት መልስ ያው ነው፤ ቁልፉ ለዚህ ማሽን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ መካሪው በዛ። አንዱ ደንበኛዬ ቴሌግራም ላይ ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ጠቆመኝ፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቡና ያንሳል። ርካሽ ነገር እንደማይበረክት እያወቅሁ ገዛሁ። አስገባሁት፤ 0ኤክስሲ004ሲ008። ትርጉሙ፦ ይህ ቁልፍ ከተፈቀደለት የኮምፒውተር ብዛት በላይ ተሠርቶበታል። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደገዛው እግዜር ይወቀው። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ አነበበ፤ አልመለሰም።

ሌላው ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ክራክ አድርጊው» አለኝ፤ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ በሌላ ፕሮግራም አታልዪው ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው፤ አልዋሽም፣ ሽማግሌው ኮምፒውተሬም ድሮ እንዲያ ነበር። ግን ክራኩ የሚሠራውን ልጁ ሲያስረዳኝ ሳቅሁ። ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለ፤ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ነው። ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ያለው ድርጅት የራሱን ሰርቨር ያቆምና ማሽኖቹ በየጊዜው ለእርሱ ሪፖርት እያደረጉ ለ180 ቀን፣ ለ180 ቀን ይታደሳሉ። ክራኩ ያንን ሰርቨር መስሎ ማሽናችን ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ እኔ፣ በሦስት ሜትር ሱቅ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር፣ 25 ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ልሆን ነው! እሺ ልሁን። ነገር ግን ከመጫኑ በፊት «አንቲቫይረሱን አጥፊ» ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። የስንት ሰው መታወቂያ፣ የስንት ሰው የቤት ውል በዚያ ማሽን ስካን ተደርጓል። በፍላሽ የሚመጣብኝ ቫይረስ አንሶ በገዛ እጄ በር ልክፈት?

ታዲያ ሕጋዊውን ግዢ አትሉኝም? አየሁት። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ወደ 200 ዶላር፣ ሆም የሚባለው ወደ 140 ዶላር። ይኸውላችሁ፣ ወደ 2016ቷ ሐምሌ ተመለስን። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ ከስልሳ ብር በታች ነበር፤ ዛሬ ያንን 200 በዛሬው ዋጋ አባዙትና ለእኔ አትንገሩኝ። ቢኖረኝስ? ካርዴ ውጭ አገር አይከፍልም። እኅቴ ከውጭ ትግዛልኝ እንዳልል ባለፈው ፋሲካ ስልክ አስልኬያታለሁ፤ ይሉኝታም አለ።

ሥራው አልቆመም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ያትማል፣ ይጽፋል፣ ስካን ያደርጋል። የከለከለኝ የስክሪኑን ፎቶና ቀለም ከሴቲንግ መቀየር ነው። የልጄ የልደት ፎቶ ላይ ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ትንሽ ነገር ናት፤ ታበሳጨኛለች። ከዚያ ደግሞ የሰው ዓይን አለ። ባለፈው ሰኞ አንድ አባት የጡረታ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ስክሪኑን በትዕግሥት ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይህቺ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወረቀቱ ላይም ትወጣለች?» አሉኝ። አትወጣም አባባ አልኳቸው። «ታዲያ ምን ትላለች?» ምን ልበላቸው? ፈቃድ የለሽም ነው የምትለው ልበል፣ ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ? «መብራት ያበላሸው ነው» አልኳቸው። ውሸትም አይደለም። ወረቀቱ ሲታተም ግን ሁለት ጊዜ ብርሃን ላይ ይዘው አረጋገጡ።

እና እናንተ፣ ኮምፒውተራችሁ ዛሬ በሰላም የሚሠራላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ «አይዞሽ» ብላችሁ አትለፉኝ። አሁኑኑ ሴቲንግ ክፈቱ፤ ሲስተም፣ አክቲቬሽን። ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ተያይዟል የሚል ከሌለ ዛሬ ማታ አያይዙት። ከኮምፒውተሩ ጋር ለመጣ ፈቃድ ማያያዙ ሁልጊዜ ያድናል ብዬ አልምልላችሁም፤ ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን ከእኔ ዓይነት ልቅሶ ያተርፋል። ቁልፍ የተጻፈበት ወረቀት ካላችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ስታቢላይዘሩን ደግሞ ከፎቶ ኮፒው ንቀሉት።

የተቃጠለው ቦርድ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ከቶነሮቹ ጎን። ትናንት ቆራሌው እየጮኸ ሲያልፍ ጠራሁት። በእጁ መዘነው፣ አገላበጠው፣ «እህቴ፣ ይህ እኮ የሞተ ነው» ብሎ ለአንድ ስኒ ሻይ የማይበቃ ዋጋ ጠራልኝ። ልሰጠው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። በዚህ ሱቅ ውስጥ ሕጋዊ ዊንዶውስ ያለው እርሱ ብቻ ነው አልኩት። ሰውዬው ለአፍታ ተመለከተኝና ጆንያውን አንሥቶ ሄደ።