ዕድሜ ለቆጠራ!

የተመራማሪ ማዕረግ ዕድገት ሲወስኑ «ስንት አሳተመ?» ብለው የሚጠይቁ፣ «ምን አሳተመ?» ብለው ግን ሰው የማያስጨንቁ ደጋግ ገምጋሚዎች ምስጋና ሳይደርሳቸው ጡረታ ሊወጡ ነው። ነውር ነው። ዛሬ እኔው ላመስግናቸው። ውዳሴዬ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ከምን ዓይነት ጣጣ እንደገላገሉን በአንድ የግብርና ምርምር መጽሔት ታሪክ ላስረዳ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሔቱ «ሂልጋርዲያ» ይባላል። የካሊፎርኒያ የግብርና ምርምር ጣቢያ በ1925 ሲጀምረው በዩጂን ሂልጋርድ ስም ሰየመው። ሂልጋርድ ከ1875 ጀምሮ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ፣ ጨው የመታው መሬት ለምን ሰብል እምቢ እንደሚል ሲመረምር ያረጀ የአፈር ሊቅ ነበር። አፈር የሚመረምር ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አይቸኩልም። መጽሔቱ ከስሙ ጋር ይህን ክፉ አመል ወረሰ።

ክፉ አመል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በ1944 ዊንክለርና አመሪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ካሊፎርኒያ የወይን ፍሬና የወይን ጠጅ አንድ ጽሑፍ አወጡ። አንድ! ከ180 ገጽ በላይ! ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያለውን ሙቀት ደምረው ግዛቲቱን በአምስት ቀጠና ከፈሉ፤ የትኛው ወይን የት እንደሚስማማውም ዘረዘሩ። ወይን ተካዮች እስከ ዛሬ በዚያ ስሌት ይሠራሉ። እስኪ ብክነቱን እዩልኝ። ለየቀጠናው አንድ ፔፐር ቢወጣ አምስት፣ ቀጠናዎቹን የሚያነጻጽር ስድስተኛ፣ በስድስተኛው የገባውን ስህተት የሚያርም ሰባተኛ ይገኝ ነበር።

በብክነት ግን ካርል ሃፌከርን የሚያህለው የለም። ብርቱካን ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ፣ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ እነሱን አድነው የሚበሉ ሌሎች ማይቶችም አሉ። የሰውዬው ጥያቄ፣ አዳኙ ታዳኙን ጠራርጎ ሳይጨርሰው ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ወይ የሚል ነበር። ትሪ ላይ ብርቱካን ደረደረ። አዳኞቹ ታዳኞቹን ጨረሱና እነሱም በረሃብ አለቁ። የእኛ ዘመን ሰው ቢሆን እዚሁ ላይ «አብረው መኖር አይችሉም» ብሎ ጽፎ ይልካል፣ ለሚቀጥለው ገንዘብ ያመለክታል። እሱ ግን በብርቱካኖቹ መካከል የላስቲክ ኳሶች አስገባ። የብርቱካኑን ቁጥር ከ200 በላይ አደረሰ። አዳኙ እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር መንገዱ ላይ ቫዝሊን ቀባ። ታዳኙ በክሩ ተንጠልጥሎ በነፋስ የሚያመልጥ ፍጥረት ስለሆነ፣ መነሻ እንዲሆኑት ትንንሽ እንጨቶች ተከለለት፤ ክፍል ውስጥ ነፋስ ከየት ይመጣል ብሎም ማራገቢያ ከፈተለት! ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ሁለቱ ወገኖች እየተከታተሉ ሦስት ጊዜ ሲበዙና ሲመናመኑ አየ። ጽሑፉ በ1958 ሂልጋርዲያ ላይ ወጣ፤ የሥነ ምህዳር ተማሪም እስከ ዛሬ ከእነዚያ ብርቱካኖች አልተላቀቀም። ቢሆንም ያው አንድ ፔፐር ናት። ቫዝሊኑን ለብቻ፣ ማራገቢያውን ለብቻ አድርጎ ማሳተም ሲቻል!

በዓመቱ፣ በ1959፣ ስተርን፣ ስሚዝ፣ ቫን ደን ቦሽና ሄገን ከእሱ የባሰ ነገር ይዘው መጡ። ነፍሳት ስለታየ ብቻ መድኃኒት አይረጭም አሉ። ርጭቱ ተባዩን የሚበሉትን ወዳጆች ጭምር ይገድላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ርጭት የሚገባው ተባዩ ከርጭቱ ወጪ የሚበልጥ ጉዳት ሊያደርስ ሲቃረብ ነው አሉ። ዛሬ የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚባለው አሠራር መሠረቱ ይኸው ጽሑፍ ነው። ልብ በሉ፣ እነሱም ቆጠራ አልጠሉም፤ የሚቆጥሩት ግን ተባዩን ነበር። ተመራማሪውን መቁጠር የእኛ ግኝት ነው። ደግሞስ ሐሳባቸው ወደ ኅትመት ተዛምቶ «ነገሩ መጻፍ የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ሳይደርስ አትጻፉ» ቢባል ኖሮ፣ በርጭት የምንኖር ሰዎች ምን ይውጠን ነበር?

ከዚህ ሁሉ የገላገለን ኢምፓክት ፋክተር የሚባል የመጽሔት መመዘኛ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት መጽሔቱ ላይ የወጡ ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተደምሮ ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል። ሁለት ዓመት በቂ ነው። በሁለት ዓመት ብርቱካን ተተክሎ ወግ ያለው ምርት አይሰጥ ይሆናል፤ የብርቱካኑ ችግር ነው፣ ይፍጠን። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስተድ የሚባል ጣቢያ ደግሞ ብሮድባልክ በተባለ ማሳ ላይ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ እየዘራ ማዳበሪያን ያነጻጽራል። እስከ ዛሬ አልጨረሰም! ምክር የሚለግሰው ሰው አጥቶ እኮ ነው።

ሂልጋርዲያ በ1995፣ በሰባ ዓመቱ፣ ተዘጋ። የዘጉትን አላማም። ሁሉም ሰው በዓመቱ መጨረሻ ድምሩን ይዞ በሚሰለፍበት ዘመን፣ አንድን ጥናት እስኪበስል ጠብቆ ሙሉውን የሚያትም መጽሔት ለማን ይጠቅማል? አሁን እንደሆነ እልል በሉ፤ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ኢሜይል የሚልክ፣ ክፍያው ከገባለት በሳምንት የሚያትም ጆርናል ሞልቷል። አንባቢ ባይኖረውም ቁጥር አለው።

አንዲት ነገር ብቻ ቅር ትለኛለች። መጽሔቱ በተዘጋ በሁለት ዓመቱ፣ በ1997፣ የዓለም የምግብ ሽልማት ለሬይ ስሚዝና ለፔሪ አድኪሰን ተሰጠ፤ በተባይ መከላከል ሥራቸው። ስሚዝ ያው የ1959ኙ ስሚዝ ነው። ሸላሚዎቹ ቅጹን አላነበቡትም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቢመጣ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም፤ የማዕረግ ዕድገት ቅጻችን ተራ ቁጥር አንድ ላይ በደማቁ «ባለፉት 5 ዓመታት የታተመ ብቻ» ይላል።