ባሕር ዳሮች፣ በራችሁን ማን ሠራው?

ወገኖቼ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር በሮቻችን አልዘጋ ይላሉ። አናጺ ይጠራል። ጠርዙን ልጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የካቲት ላይ ደግሞ በዚያው በር ክፍተት አቧራ ይገባል። ያን ጊዜ «የዛሬ ዘመን አናጺ ሌባ ነው» እንላለን። አናጺው ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ያንን በር የሠራውን ልጅ ማን አሠለጠነው? ሙያውን በወጉ እንዲማር ማን ዕድል ሰጠው? የዛሬው ተግሣጼ በቅድሚያ ለእናንተ፣ ለወላጆችና ለአሠሪዎች ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የወጣ ሰሞን በየቤቱ የተባለውን ታውቃላችሁ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ቴክኒክና ሙያ ይግባ።» ይህ የተባለው ለቅሶ ቤት በሚወራበት ድምፅ ነው። ልጁም አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሰማል። ወላጁ ያፈረበትን ሙያ በምን ልቡ ይማረው? አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ስድቡን ብንተውም ንቀቱን አልተውንም።

ለባሕር ዳር ሰው ይህ ንቀት ከሌላው ይልቅ ያሳፍራል። ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ግቢ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1963 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የእጅ ሙያ ያለው ሰው ለማውጣት ነበር። እንግዳ ሲመጣብን ደግሞ በጀልባ ዘጌ ወስደን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ትልልቅ የእንጨት በሮች እናሳያለን። «ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» እንላለን። ማታ ቤታችን ገብተን ግን ልጃችን እንጨት ሥራ ልማር ቢለን ፊታችን ይጠቁራል።

እንጨት ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ ብታውቁ አትንቁትም ነበር። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ውሃ የሞላው ነው። ውሃው ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ የጣውላው መጠን አይለወጥም። ከዚያ በታች ሲደርቅ ነው መኮማተር የሚጀምረው። በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። በወርዱ ግን ይቀንሳል። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚቀንሰው ደግሞ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ የሚጣመመው ለዚህ ነው። ክረምት አየሩ ሲረጥብ መልሶ ያብጣል።

የሠለጠነ አናጺ ይህንን አስቦ ይሠራል። ባለ ፓኔል በርን ተመልከቱ። መሃሉ ላይ ያለው ሰሌዳ በዙሪያው ባለው ፍሬም ቦይ ውስጥ የሚገባው ያለ ኮላ ነው። ግራና ቀኙም ትንሽ ቦታ ይተውለታል፤ ሲያብጥ ይሰፋበታል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብበታል። ያልተማረው ልጅ ግን «ይጠንክር» ብሎ ቦዩን በኮላ ይሞላዋል፣ በላዩም ሚስማር ይመታበታል። በቅን ልብ ነው የሚያደርገው። በጋ ላይ ሰሌዳው መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ልጁም ለምን እንደተሰነጠቀ ሳያውቅ ሌላ በር እንደዚያው ይሠራል።

እንጨቱስ? ከመርዓዊ በኩል በአይሱዙ የመጣ ባሕር ዛፍ ሰኞ በመጋዝ ይሰነጠቅና ሐሙስ በር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ጠባዩ ከሚያስቸግሩት እንጨቶች አንዱ ነው። ከተቸኮለበት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በየጣውላው መሃል ቀጭን እንጨት ገብቶለት፣ ጫፍ ጫፉ ቀለም ተቀብቶ ወራት መቆየት አለበት። ማን ይጠብቀው? «ለቅዳሜ አድርስልኝ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። እንጨት አድርቆ የሚሠራው ዋጋ ሲጨምር ጥላችሁት ወደ ርካሹ የምትሮጡትም እናንተ ናችሁ። እንዲህ እያደረግን ያወቀውን ከገበያ እናስወጣለን፣ ያላወቀውንም ባለማወቁ እንዲገፋበት እንከፍለዋለን።

«እንጨት ድሮ ቀረ፣ አሁን ኤምዲኤፍ ነው» የምትሉም አላችሁ። ከእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍም ሙያ ይፈልጋል። የተቆረጠ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ መመለሻ የለውም። ጥርጣሬ ካላችሁ የኪችን ካቢኔታችሁን ታችኛውን ጠርዝ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እናንተ ላይ ከረር ልል ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲቀረጽ 70 በመቶው በሥራ ቦታ በተግባር፣ 30 በመቶው በክፍል እንዲሆን ታስቦ ነው። ትልቁ ድርሻ የእናንተ ነው ማለት ነው። ልጁ ለትብብር ሥልጠና ሲላክላችሁ ምን ታሠሩታላችሁ? «ብናኝ ያስጠርጉናል፣ ጣውላ ያሸክሙናል፣ ሻይ ይልኩናል» የሚለው ከአንድ ልጅ ብቻ የተሰማ አይደለም። የማዕዘን መለኪያውን ስክዋድራ ሳይጨብጥ ወራቱ ያልቃል፣ ፎርሙ ላይ ግን ማኅተም ይመታለታል። ያ ማኅተም ውሸት ነው። ነገ በዚያ ወረቀት የሰው ቤት ገብቶ ይሠራል።

የሰርኩላር መጋዙን መከለያስ የት ጣላችሁት? «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ተፈትቶ ጥግ ተጥሏል። ጣት የጎደለው አናጺ ማየት ለምዳችሁ እንደ ሙያው ምልክት ቆጠራችሁት። ብናኙም ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። የሚያስለውን ረዳት «ወተት ጠጣ» ብሎ መሸኘት ግፍ ነው። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባ ብናኝ አያጥብም። ማስክ ግዙለት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ብናኝ የሚስብ ማሽን ለመግዛት አቅም ያላችሁም ግዙ።

ሠልጣኞችም ብትሆኑ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ለማለፍ ያህል ብቻ አትማሩ። ምዘናውን ያለፈ ሁሉ አናጺ አይደለም። ጌታው ካላሳየህ ጠይቀው፤ ቢቆጣህም ነገ ደግመህ ጠይቀው።

አሁን ደግሞ ቤት ለምትሠሩ ሁሉ። በር ስታሠሩ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እንጨቱ መቼ በመጋዝ እንደተሰነጠቀ ጠይቁ። ለቤት ውስጥ ሥራ ከ8 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ነው የሚፈለገው። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ከጣውላው መሃል ቁራጭ አስወስዱና መዝኑ። ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ኦቭን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁትና ደግማችሁ መዝኑት። 130 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ 30 በመቶ እርጥበት ነበረው ማለት ነው። ያ እንጨት በር ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህንን ሒሳብ ሳትጠይቁት የሚነግራችሁ አናጺ ካገኛችሁ በዋጋ አትጨቃጨቁት። ጊዜውን ስጡት፤ ልጃችሁንም እሱ ዘንድ ሙያ እንዲማር ላኩት።