«አለሁ» እና «አለው»

ለዓመታት የጠፋብኝን ጓደኛዬን በቴሌግራም አገኘሁትና «እንዴት ነህ?» አልኩት። «አለው» ሲል መለሰልኝ። ማን ምን እንዳለው ግራ ገብቶኝ «ማን?» ብዬ ጻፍኩ። «እኔ ነኛ! አለው!» አለኝ፤ ከነቁጣው።

በፊደል ነገር እንኳን ግትር አይደለሁም። «ሠርግ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፎ የጠራኝን ሁሉ ሄጄ በልቼለታለሁ። ዓይኑ «ዐ» እና አልፋው «አ» ቦታ ቢለዋወጡም እንቅልፍ አይነሳኝም። አንዱ በፌስቡክ «አምላክ ለሁላችን ድህነትን ያድለን» ሲል ግን አሜን ማለት አቃተኝ። በብዙኃኑ «ኀ» ቢጽፈው መዳን ነበር፤ በሃሌታው ሲሆን ያው ያለን ነው። ለፋሲካ ደግሞ አንዲት ዘመዳችን ለቤተሰቡ ሁሉ «መልካም ባል ይሁንላችሁ» ብላ ላከች። ፈጥነው አሜን ያሉት ሁለቱ ያላገቡ እህቶቼ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ልጃችን ለትምህርት ስትደርስ እኔና ባለቤቴ የመረጥንላት ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር የሚያስቀጣበትን ነው። ለምን ቢባል፣ የጎረቤታችን ልጅ ውሻቸውን በእንግሊዝኛ ስትቆጣ ሰምተን ቀናን። ውሻው ደግሞ ይሰማታል! የእኛዋ በአማርኛ ተጠርታም አትመጣም ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ይል ነበር፤ እኛ በወር ደመወዛችን እኩሌታ የልጅቱን አፍ እንደገና በእንግሊዝኛ አስፈታን። የሚያሳዝኑኝ ዘበኛው ናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ጉድ ሞርኒንግ»ን ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ሲሸኟቸውም ልጆቹን ጉድ ሞርኒንግ ይሏቸዋል።

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ከሥሩ ያለው አማርኛ ግን «የትምርት ክፍያ ያልከፈላቹ ወላጆች በአስቸካይ እንድትከፍሉ» ይላል። «ትምህርት»ን ያህል ቃል «ህ»ው ወድቆበት ሳየው ደሜ ፈላና በቀይ እስክሪብቶ አርሜው ሄድኩ። ኃላፊዋ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና «ግን ይገባል አይደል?» አሉኝ። ቁጥሩን ድጋሚ አየሁት፤ በቁጥሩ ላይ አንድም ስህተት የለም። «ይገባል» አልኩና ከፈልኩ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ቀን እንጀራ ስትጋግር ውላ፣ ማታ በኩራዝ፣ እኔን አዝላ። ዛሬም ስታነብ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች ነው፤ አንዲትም አትዘልም። አራተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ደብዳቤ ጽፋ በሰው እጅ ላከችላት። እኔ ሳላየው ነው የሄደው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሏል።

«ደብዳቤው ደረሰኝ፤ ተባረኩ። ‹አያቴ፣ እኔ አለው፤ አባዬም አለው› ትላለች ልጅህ።»

«እሱማ እማዬ...»

«ካለህ ታዲያ ምነው ልጄ፣ ጣሪያው ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያፈስብኝ ዝም አልከኝ?»

«እማዬ፣ አለው አይደለም» አልኳት፤ «አለበት ነው።»